ሶቶ ይሂድ ወይስ ይቆይ? የአንድ የዋሽንግተን ቤዝቦል ደጋፊ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በ2022 ሰመር ላይ የቤዝቦል ቡድኑ ዋሽንግተን ናሽናልስ ኮከብ መቺውን ሁዋን ሶቶን ለሌላ ቡድን ሊሰጠው ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ብዙው ደጋፊ ተናደደ፣ ተሳደበ፣ ቆይቶም ተወው። አንድ ወዳጄ ግን ደብተር አውጥቶ ነገሩን በጽሑፍ መመዘን ጀመረ። ምን እንደሚያስብ፣ ለምን እንደሚያስብ፣ በሶቶ ምትክ ምን ቢመጣ እሺ እንደሚል፣ ሁሉንም ዝውውሩ ከመፈጸሙ በፊት አሰፈረ። ደብተሩ ዛሬም አለ። ስለዚህ የያኔውን ሐሳብ በኋላ ከሆነው ነገር ጋር ማስተያየት ይቻላል። ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ነገር ካለፈ በኋላ ሁሉም «እኔ ያኔም ብዬ ነበር» ባይ ነው።

ስሙን አልጠቅስም፤ «ባለጉዳዩ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬውና ቡድኑ

ባለጉዳዩ በዲቪ የመጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው። ሥራ የጀመረው፣ በዲሲ እንዳለ ብዙ ሐበሻ፣ በፓርኪንግ ነው። ጋራዡ ኔቪ ያርድ ነበር፤ ከናሽናልስ ስታዲየም በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ጋራዡ አንዴ ከሞላ በኋላ ሰዉ ከስታዲየም እስኪወጣ ድረስ ሥራ የለም። ስለዚህ ሬዲዮ ይከፍታል። ልጅነቱን የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ቤዝቦል መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አልገባውም። «ቆመው ቆመው ይሄዳሉ» ይል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ያዘው።

ናሽናልስ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የተዛወረው በ2005 ነው። ቡድኑ ኮከብ በማፍራት ይታወቃል፤ ኮከቦቹን በማቆየት ግን አይታወቅም። ብራይስ ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፊላደልፊያ ገባ። አንተኒ ሬንዶን ዋንጫ በበሉበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሄደ። ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር በጁላይ 2021 ባንድ ላይ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተሰጡ። የቀረው ሶቶ ነበር።

ሶቶ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው። ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በሜይ 2018፣ በ19 ዓመቱ ነው። ባለጉዳዩ ሶቶን የወደደበትን ምሽት ለይቶ ያውቀዋል፤ ኦክቶበር 1 ቀን 2019 ነው። የተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ ነው። ከዘጠኙ ዙር (ኢኒንግ) ስምንተኛው ላይ ሚልዋኪ 3 ለ 1 ይመራል። ሦስቱም ቤዝ ላይ የናሽናልስ ሯጭ ቆሟል፤ ዞሮ የገባ ሁሉ አንድ ነጥብ ነው። ሶቶ ወደ ቀኝ መታ፤ ኳሷ የሜዳ ተጫዋቹን ጓንት አመለጠችና ሦስት ሰው ገባ፤ 4 ለ 3። ባለጉዳዩ መጀመሪያ የሰማው የስታዲየሙን ጩኸት ነው። ሬዲዮው ምን እንደሆነ የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ናሽናልስ በሰባተኛው ጨዋታ ሂዩስተንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዓመቱ መጀመሪያ 19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን ነበር።

ትልቋ ልጁም በሶቶ ተለከፈች። ሶቶ የማይፈልጋትን ኳስ ሳይመታ ሲያሳልፍ እግሩን ሰፋ አድርጎ ዝቅ ይላል፣ አፈሩን በጫማው ይጠርጋል፣ ከዚያ ወርዋሪውን አፍጥጦ ያየዋል። ልጅቱ ይህን ሳሎን ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ታደርገው ነበር። በ2022 ዕድሜዋ 14 ነበር።

ችግሩ

የአውሮፓ እግር ኳስ ለለመደ አንባቢ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ቤዝቦል ትልልቁ ዝውውር የሚከፈለው በተጫዋች እንጂ በገንዘብ አይደለም። አንዱን ትሰጣለህ፣ ሌሎችን ትቀበላለህ። ተጫዋቹ እንቢ የማለት መብት ከሌለው ተነሥ ሲሉት ይነሣል። በሌላ በኩል ደግሞ ትልቁ ሊግ ውስጥ ስድስት ዓመት ካገለገለና ኮንትራት ከሌለው ነፃ ይወጣል፤ ከፈለገው ቡድን ጋር ይፈርማል። የቀድሞ ቡድኑ ቢያገኝ ቢያገኝ በወጣቶች ምርጫ፣ ማለትም ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ አንድ ተጨማሪ ዕጣ ነው።

ሶቶ ነፃ የሚወጣው ከ2024 ውድድር በኋላ ነበር። ቡድኑ 15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። በጠቅላላ ድምር እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቁ ኮንትራት ይሆን ነበር። ሶቶ አልተቀበለም፤ ወሬው በጁላይ አጋማሽ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሎስ አንጀለስ የሆም ራን፣ ኳስን ከሜዳው አጥር ውጭ የመምታት፣ ውድድሩን አሸነፈ። ዜናው ሁሉ ስለ ዝውውሩ ነበር። የዝውውሩ መዝጊያ ኦገስት 2፣ ከቀኑ 12 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 6) ነው።

የቡድኑ ባለቤቶች፣ የለርነር ቤተሰብ፣ በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ ቡድኑን ለመሸጥ እንደሚያስቡ አሳውቀው ነበር። ናሽናልስ በደረጃው ግርጌ ተኝቷል። ሶቶ እያለም የመጨረሻ ነበሩ ማለት ነው።

ደጋፊ በዝውውር ላይ ድምፅ የለውም። ባለጉዳዩ የሚወስነው ሌላ ነገር ነበር። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተካፍሎ የሚገዛው የዓመት ቲኬት አለ፤ ለቀጣዩ ዓመት ያድሰው ወይስ ይተወው? ለልጁስ ምን ይበላት?

ደብተሩ ላይ የተሠራው ሥራ

መጀመሪያ ስሜቱን ለብቻው ጻፈ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው፤ ስለዚያች የኦክቶበር ምሽት፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሃርፐር መሄድ። ገጹን አጠፈውና ወደ ሒሳቡ ገባ። በእኔ ግምት ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። ስሜቱን ሳይጽፍ ቢቀር ኖሮ በየመስመሩ እየገባ ሒሳቡን ያበላሽበት ነበር።

ቀጥሎ «ይቆያል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። 440 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት ከ30 ሚሊዮን በታች ነው። በዚያው ሰሞን ሸርዘር ኒው ዮርክ ሜትስ ውስጥ በዓመት ከ43 ሚሊዮን በላይ ያገኝ ነበር። ስለዚህ ሶቶን ስግብግብ ማለት አያስኬድም፤ ልጁ ገና 23 ዓመቱ ነው። ኤጀንቱ ስኮት ቦራስ ነው። የቦራስ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ገበያውን ሳያዩ አይፈርሙም። ሃርፐርም ሬንዶንም የእሱ ነበሩ። ባለጉዳዩ ግን ተቃራኒውን ማስረጃም መዝግቧል፦ ስቲቨን ስትራስበርግ የቦራስ ተጫዋች ሆኖ ዋሽንግተን ቆይቷል፤ ከዋንጫው በኋላ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈረመ። ከዚያ በኋላ አካሉ ከዳው፤ በዚያ ኮንትራት ሜዳ የወጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ከሥሩ «የቆየልንም አልቆየልንም» ብሎ ጽፏል።

ሦስተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። ደብተሩ ላይ ጎልቶ የተሰመረበት እሱ ነው። ገዢ ቡድን የሚገዛው ኦክቶበርን ነው፤ የዋንጫው ጨዋታ የሚካሄደው በዚያ ወር ነውና። ሶቶን በኦገስት 2022 የሚወስድ ቡድን ሦስት ኦክቶበር ያገኛል፦ 2022፣ 2023፣ 2024። የዓመቱን ውድድር ማብቂያ ጠብቆ የሚወስደው ሁለት። በ2024 ሰመር የሚወስደው አንድ። ዋጋው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ሶቶ ቢጎዳ ደግሞ የባሰ ነው። «መሰጠቱ ካልቀረ ዛሬ ይሰጥ» የሚለው መደምደሚያው የመጣው ከዚህ ነው።

አራተኛ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ ወሰነ። ቢያንስ ሁለት ትልቁን ሊግ የቀመሱ ወጣቶች፣ ቢያንስ ሁለት ደግሞ ገና በታችኞቹ ሊጎች ያሉ ግን ተስፋ የሚጣልባቸውን ወጣቶች ደረጃ በሚያወጣ ዝርዝር ሁሉ ላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ። ከዚህ ካነሰ ቲኬቱን አያድስም። ቀኑን ጽፎ ፈረመበት።

ሐሳቡን ለባልደረቦቹ ሲያነብላቸው አንደኛው ሳቀበት። «ላም አለኝ በሰማይ!» አለው። «የምትታለበዋን ሰጥተህ የሰማዩን ልትጠብቅ ነው?» ባለጉዳዩ ይህንንም ጻፈው።

ከበድ ያለው ጥያቄ ግን የመጣው ከልጁ ነው።

«አባዬ፣ መሄዱ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም።»

«ታዲያ እስኪሄድ ድረስ ለምን አናየውም?»

መልስ አላገኘም። ደብተሩ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ሶቶን ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ መስመር የለም። ዜሮ ብሎ ነበር የያዘው። ለአንድ የቡድን ሥራ አስኪያጅ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከቤተሰቡ ጋር ስታዲየም ለሚገባ ሰው ግን የሚገዛው ዕቃ ራሱ እሱ ነው።

ኦገስት 2

ሶቶ ለናሽናልስ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ኦገስት 1 ነው፤ በቀድሞ ባልደረባው በሸርዘር ላይ ሆም ራን መታ። በማግስቱ ከጆሽ ቤል ጋር ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ተሰጠ። በልዋጩ የመጡት እነዚህ ናቸው፦ ወርዋሪው ማኬንዚ ጎር፣ ሲጄ ኤብራምስ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ጄምስ ዉድ፣ ሃርሊን ሱሳና እና ልምድ ያለው ሉክ ቮይት። መጀመሪያ የታሰበው ኤሪክ ሆስመር ነበር፤ እሱ ኮንትራቱ እንቢ የማለት መብት ይሰጠው ስለነበር ዋሽንግተን አልሄድም አለ። ቮይት የመጣው በእሱ ቦታ ነው።

ባለጉዳዩ ደብተሩን ከፈተ። ጎርና ኤብራምስ ትልቁን ሊግ ቀምሰዋል። ጎር በ2017 በወጣቶች ምርጫ ሦስተኛ፣ ኤብራምስ በ2019 ስድስተኛ የወጡ ናቸው። ሃሰል በ2020 ስምንተኛ ነበር። ዉድ ገና 19 ዓመቱ ነው፤ የሁለት ሜትር ቁመት አለው፣ የሜሪላንድ ልጅ ነው። ሱሳና በ18 ዓመቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይወረውራል። ዋጋው ካሰመረው መስመር በላይ ነው። እያመመው «እሺ» ብሎ ጻፈ። ቲኬቱንም አደሰ።

ፓድሬስ በአሥር ቀን ውስጥ ለጨዋታ ዋሽንግተን መጣ። ሶቶ ለመምታት ሲወጣ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጅቱ 22 ቁጥር ያለበትን የናሽናልስ ማሊያ ለብሳ ነበር። አባትየው ማሊያውን እንድትቀይር አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

ፓድሬስ በ2022 ዶጀርስን ጥሎ እስከ ናሽናል ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ በፊላደልፊያ፣ ያውም በሃርፐር ቡድን፣ ተሸነፈ። በ2023 ኦክቶበርን አላየም። በዲሴምበር 2023 ሶቶን ለኒው ዮርክ ያንኪስ አሳልፎ ሰጠ። ያንኪስ በ2024 ለዋንጫ ጨዋታ ደረሰ፣ በዶጀርስ ተሸነፈ። በዚያው ዲሴምበር ሶቶ ለሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። 440ውን ሲተው «አብዷል» ያሉ ሰዎች ነበሩ።

የናሽናልስ ነገር የተደበላለቀ ነው። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጡ። ዉድ በጁን 2025 በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ፣ ኳሱን እንዳይመታ ተፈርቶ፣ ሆን ተብሎ ቤዝ ተሰጠው፤ ከሆም ራን ባለሪከርዱ ከባሪ ቦንድስ ወዲህ ይህ የደረሰው መቺ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከ200 ጊዜ በላይ ሳይመታ ተመልሷል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ሃሰል ትልቁን ሊግ ያየው በ2025 ነው። ሱሳና እስከዚያ ዓመት መጨረሻ አልደረሰም። ቮይት ከ2022 በኋላ አልቆየም።

ቡድኑስ? በ2022 55 አሸንፎ 107 ተሸነፈ። በ2023 71 አሸነፈ፣ በ2024 እንደገና 71፣ በ2025 66። በጁላይ 2025 ዝውውሩን የመራው ማይክ ሪዞ ከአሠልጣኙ ከዴቪ ማርቲኔዝ ጋር ተሰናበተ። የለርነር ቤተሰብ ቡድኑን አልሸጠም። ትልቅ ተጫዋችም አልገዛም።

የሠራውና ያልሠራው

የጊዜው ሒሳብ ሠርቷል። ሦስቱ ኦክቶበር በእርግጥም ዋጋውን ከፍ አድርገውታል። ፓድሬስ ራሱ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ሲሰጠው ምን እንዳገኘ ማየት ይበቃል፦ ማይክል ኪንግን የመሰለ ጥሩ ወርዋሪ መጣ፣ ግን እንደ ኤብራምስና ዉድ ያለ ወጣት በዚያ ጥቅል ውስጥ አልነበረም። ሶቶ አይቆይም የሚለው ግምትም ልክ ነበር። አስቀድሞ የተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋም ጥሩ ዳኛ ሆነለት፤ ዜናው ሲመጣ በንዴትም በጉጉትም ሳይሆን በራሱ መስመር ፈረደ።

የተጫዋቾቹ ግምት ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ሃሰልን ከዉድ በላይ አስቀምጦት ነበር፤ ምክንያቱ የምርጫ ቁጥሩ ብቻ ነው። አንዱ ስምንተኛ፣ ሌላው የሁለተኛ ዙር። ሁለቱም ሲጫወቱ አይቶ አያውቅም። ዛሬ ዉድ የቡድኑ ትልቁ መቺ ነው።

ጭራሽ ያልሠራው ሌላ ነገር ነው። ባለጉዳዩ «ከሶቶ የተረፈው ገንዘብ ተጫዋች ይገዛበታል» ብሎ ገምቶ ነበር፤ ግን ግምት መሆኑን አልጻፈም፤ እንደ እውነት ነው የያዘው። የሸርዘሩ ዝውውር አንድ ዓመት ቀድሞ ተደርጎ ያለ ማሟያ መቅረቱን እያየ እንኳ። እኔ እንደማየው ስህተቱ የሶቶ ዋጋ ላይ አልነበረም። ቡድኑ ለወጣ ዕቃ ጥሩ ዋጋ አገኘ፤ ነገር ግን ዕቃው ለምን ወደ ገበያ እንደወጣ ማንም አልጠየቀም። ታች ያለው የልጆች ማሠልጠኛ ለዓመታት ስላላፈራ፣ የስትራስበርግ ኮንትራት ስለከሸፈ፣ ባለቤቶቹ ልባቸው ሽያጩ ላይ ስለነበር ነው። አምስት ወጣት ይህን ሁሉ አይሞላም።

የልጅቱ ጥያቄም ሳይመለስ ቀረ። ሶቶ ቢቆይ ኖሮ ቡድኑ በ2023 እና በ2024 ያው መሸነፉ አይቀርም ነበር። እሷ ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሶቶን ታይ ነበር። አባትየው አሁን ይህንን «ትክክለኛ ክርክር ነው፣ ተሸንፌበታለሁ» ይላል። እኔ ግማሽ መንገድ ብቻ አብሬው እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ዉድን የሚያዩ የ14 ዓመት ልጆችም አሉ።

ለሌላ ደጋፊ የሚያገለግለው

ዝውውር ሲመጣ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ይበጃል፦ «ዋጋው ጥሩ ነው?» እና «እዚህ ለምን ደረስን?»። የመጀመሪያው በዕለቱ ይመለሳል፣ በዕለቱ በሚታወቀውም ብቻ መዳኘት አለበት። ዉድ በኋላ ጎበዝ መውጣቱ የኦገስት 2022ን ውሳኔ ብልህነት አያደርገውም፤ የሃሰል መዘግየትም ሞኝነት አያደርገውም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ስለ ባለቤቱ ነው። ዓመታት ይፈልጋል።

ዝቅተኛውን ዋጋ አስቀድሞ መጻፍ ገንዘብ አያስወጣም። ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚጻፍ ዋጋ ግን ምንጊዜም ከመጣው ጋር ይገጥማል።

የደጋፊና የሥራ አስኪያጅ ደብተር አንድ መሆን የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ለ2026 ድል የ2023ን ደስታ ቢሸጥ ሥራው ነው። ደጋፊው ግን የ2023ን ቲኬት በሙሉ ዋጋ ነው የከፈለው።

ቲኬትን በተመለከተ ባለጉዳዩ ከ2024 በኋላ የዓመቱን ትቶ በየጨዋታው መግዛት ጀምሯል። ባልደረቦቹም እንደዚያው። የበለጠ ያስወጣ እንደሆነ ጠይቄው፣ ስታዲየሙ ባዶ በሆነበት ዓመት ርካሽ መቀመጫ አይጠፋም አለኝ።

ስለ ዉድም አዲስ ገጽ ከፍቷል። ዉድ በጁላይ 2024 ነው የጀመረው፤ አዲስ ኮንትራት ካልፈረመ ከ2030 በኋላ ነፃ ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር «ቡድኑ ዘንድሮ ለተጫዋች ምን ያህል አወጣ?» ይላል፤ በየዓመቱ የሚሞላ ነው። ሁለተኛውን መስመር ልጅቱ በራሷ እጅ ጽፋዋለች፦ «ስንት ጨዋታ አየነው?»